እጮኛዬ የድሃ ክለብ ሯጭ ነው

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰካራም ባል፣ ስለ ቀናተኛ ጓደኛ፣ ወር ሳይሞላ ሌላ ስለ ያዘ እጮኛ ሲጻፍ ሁሌም አነባለሁ። የኔው ሰው ግን አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጭፈራ ቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብትፈልጉት ተኝቷል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብትፈልጉት ደግሞ ተነስቶ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ስልኩን ብትበረብሩ የምታገኙት የሰዓት መያዣና የአሰልጣኙን መልእክት ነው። እናቴ ሳትቀር «ጠባዩስ ምን ይወጣለታል» ትላለች። «ጠባዩስ» ያለችው ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

እጮኛዬ ሯጭ ነው። ለጤናው የሚሮጥ እንዳይመስላችሁ። ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ከኢትዮ ኤሌክትሪክና ከመቻል ልጆች ጋር አንድ መስመር ላይ ቆሞ የሚወዳደር የክለብ አትሌት ነው። የክለቡን ስም አልጠራም። ችግሩን ግን በአንድ ቃል መጥራት ይቻላል፤ ችስታ ነው!

እኔ ሽሮ ሜዳ ሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ጓደኞቼ ቀለበት ማሰሬን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መኪናው ምንድነው?» የሚል ነበር። አይፈረድባቸውም። በኛ አገር «ሯጭ አገባች» ሲባል ሰው የሚታየው የኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴል ነው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን አየን፣ ቤታቸውንም ሥራቸውንም አየን፣ ከዚያ ሯጭ ሁሉ እንደነሱ ይመስለናል። ከአንድ ኃይሌ ጀርባ ስንት ሺህ ልጅ ማልዶ ዳገት እንደሚወጣ የሚያውቀው የእንጦጦ ጅብ ብቻ ነው።

ስለ ጅቡ የቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። ቁስቋምን አልፎ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሯጮቹና ጅቦቹ ይተላለፋሉ። አንዱ ወደ ሥራው ሲሄድ ሌላው ከሥራው ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል መውረድ ይጀምራሉ። እጮኛዬ ሁሌ የሚለኝ ነገር አለ፤ «ከኔ በላይ አትሌቶች እነሱ ናቸው፤ ግን የሚያሰለፋቸው ክለብ የለም»።

ለምን እንጦጦ? ብዬ ጠይቄው ነበር መጀመሪያ ሰሞን። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ሲቸግረው ኩላሊት መልእክት ይልካል፣ አጥንት ውስጥ ቀይ የደም ሴል በብዛት ይመረታል። ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ወርዶ ሲሮጥ ያ ደም ጉልበት ይሆነዋል። እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። አምስት ብር የማያስከፍል ሀብት ነው በሉት።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ አያልቅም። ያ ሁሉ ደም ከየትም አይመጣም። ብረት ይፈልጋል፣ ሥጋ ይፈልጋል፣ ምስር ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ እንቅልፍ ይፈልጋል። ተራራው በነፃ የሚሰጠውን የሚቀበል ሰውነት መቀለብ አለበት። ቀለቡ ደግሞ ከደመወዝ ነው የሚመጣው። ደመወዙስ? ዘንድሮ አራት ወር ዘገየ!

የክለቡን ኑሮ ላጫውታችሁ። ሚኒባስ አለቻቸው። የቆመችው ግን ከክረምት በፊት ነው፤ መለዋወጫ ተጠየቀ፣ ፎርም ተሞላ፣ እስካሁን ምላሽ የለም። ስለዚህ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሱሉልታ ሄደው ሜዳ ላይ ረጅም መሮጥ ያለባቸው ቀን በየራሳቸው ታክሲ ይሄዳሉ። ታክሲ ያጣ እዚሁ ዳገቱ ላይ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ቀን ዳገት የታዘዘለት ሰው አራት ቀን ዳገት ሲሮጥ ምን ይሆናል? ቅልጥሙ ይናገራል። እነሱ ጋ ደግሞ ቅልጥም ሲናገር የሚያዳምጥ ባለሙያ የለም። ማሳጅ የሚሠራው አንዱ ሲኒየር አትሌት ነው፣ በሕፃንነቱ ከአያቱ የተማረውን ይዞ በቅቤ ያሽልሃል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ልጆች የእግር አጥንታቸው ተሰነጠቀ። አንዱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ሰንጋ ተራ ጋ ዘመድ ያለው ደግሞ ዕቃ ቤት ገባ። ሦስተኛው አሁንም ከእጮኛዬ ጋር ነው የሚኖረው፣ ምግብ ያበስላል።

ስፓይኩንስ? አንዴ አንድ የክለቦች ውድድር ላይ ስታዲየም ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ 10 ሺውን የጨረሰ ልጅ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ጫማውን ሲያወልቅ አየሁ። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ፣ 5 ሺህ የሚሮጠው ልጅ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ እየጠበቀው ነው አሉኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጫማ ገባሁ መሰል። ጫማ ነው ቤቴን የበጠበጠው! ሰው ስለ ጫማ ሳወራ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ?» ይለኛል። አዎ አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓትም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጠ። በባዶ እግሩ መሮጡን ሁሉ ይናገራል፣ ስለ ቶኪዮው ጫማ ሲያወራ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ያኔ ሁሉም ያደረገው ጫማ ተመሳሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ናይኪ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን ያለበትን ጫማ በ250 ዶላር ለገበያ ካወጣ በኋላ ጨዋታው ተለወጠ። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሳህኑም ከአንድ እንዳይበልጥ ደንብ እስከማውጣት ደረሰ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ነበር የሚመዝነው፣ ዋጋው 500 ዶላር። ጉልበቷ የራሷ ነው፣ ማንም አይወስድባትም። ነገር ግን ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ልጆች አንዱ ያንን አድርጎ፣ አንዱ ተረከዙ ያለቀ ጫማ አድርጎ ቢቆሙ፣ እኔ ልብስ ሻጯም ማን እንደሚቀድም አውቃለሁ።

በሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። የክለቡ በጀት ግን በብር እንደተጻፈ ቀረ።

ይህን ሁሉ እኔ ብቻዬን ነበር የምብሰለሰለው፣ ጎረቤታችን የሆኑት መካኒክ አንድ ቀን እስኪያሳስቁኝ ድረስ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ የሠሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እሁድ ስለ አርሰናልና ማንቼ ሲጨቃጨቅ እሳቸው ብቻቸውን ፎርሙላ ዋን የሚያዩ ሰው ናቸው። እጮኛዬ ክለቡን ሲያማርር ሰሙና «አንተማ ሚናርዲ ነህ!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሚናርዲ ሆኖ ቀረ። የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ «ሚናርዲ አለፈ!» እያሉ ይከተሉታል።

«ጋሼ፣ ሚናርዲ ማነው?» አልኳቸው።

«ማን ሳይሆን ምን በይ፣ አንቺ ልጅ» አሉና ሻይ አስቀድተው ጀመሩ።

ሚናርዲ ፋኤንዛ በምትባል የጣልያን ከተማ የነበረ የመኪና ውድድር ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2005፣ 21 የውድድር ዘመን፣ 340 ውድድር ሮጦ በጠቅላላ ያገኘው ነጥብ 38 ነው! አንድም ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት አልወጣም። ከነፌራሪ ጋር አንድ መስመር ላይ ይቆማል፣ ሕጉ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ኪሱ ግን ለየቅል። ሌሎቹ አዲስ ሞተር ሲገጥሙ እነሱ ያረጀውን ይገጥማሉ። ቡድኑ ገንዘብ ሲያጥረው ስፖንሰር ይዞ የሚመጣ ሹፌር ይቀጥራል፣ ፈጣኑ ደግሞ ደጅ ይቆማል። «ሹፌሩ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን መኪናው ካልሄደ ምን ያደርጋል? መሪ ይዞ ይለምናል እንዴ?» አሉ ጋሼ።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የ19 ዓመት ስፔናዊ ልጅ በዚያ ቡድን ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። ግን የሚያውቅ ሰው ያያል፤ ያ መኪና መድረስ ከሚገባው በላይ እያደረሰው እንደነበር አዩ። ፈርናንዶ አሎንሶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሌላ ቡድን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ማርክ ዌበር የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ያውም የመጀመሪያ ውድድሩን፣ ያውም በገዛ አገሩ ሜልበርን ላይ፣ በዚያችው መኪና አምስተኛ ወጣ። አምስተኛ! የቡድኑ ባለቤትም አውስትራሊያዊ ነበሩና ዋናው ሽልማት ካለቀ በኋላ ሁለቱ መድረኩ ላይ ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ጨፈሩ። (እግረ መንገዴን ላንሳው እንጂ የእንጦጦ ባሕር ዛፍም የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በምኒልክ ዘመን ተተክሎ ይኸው ሯጮቻችንን በሥሩ ይጠልፋል።)

እጮኛዬ ይህን ታሪክ ሲሰማ ዓይኑ በራ። እኔ ግን ሴት ነኝ፣ የቤት ኪራይ የማስብ ሴት። «ከዚያ በኋላስ ሚናርዲ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተሸጠ አሉኝ። ሬድ ቡል ገዝቶ ስሙን ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያው ቡድን በአዲሱ ስሙ፣ የ21 ዓመቱ ሴባስቲያን ቬትል እየነዳው፣ ሞንዛ ላይ አሸነፈ። ገንዘብ ገባና አሸነፈ፣ በቃ።

አንዱ ታሪክ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ማኖር የሚባል ሌላ ድሃ ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦስትሪያ ላይ ፓስካል ቬርላይን የሚባለው ሹፌራቸው አሥረኛ ወጥቶ አንዲት ነጥብ አገኘ። በዚያች አንዲት ነጥብ ቡድኑ በዓመቱ ሰንጠረዥ አሥረኛ ሆኖ ሊጨርስ ነው፤ አሥረኛው ዳጎስ ያለ የሽልማት ገንዘብ ያገኛል፣ አሥራ አንደኛው ግን ያን አያገኝም። ሊያልቅ ሁለት ውድድር ሲቀረው ብራዚል ላይ ዶፍ ዘነበ። የሳውበሩ ፊሊፔ ናስር በዚያ ዝናብ ዘጠነኛ ገብቶ ሁለት ነጥብ ወሰደ። አለቀ! ማኖር አሥራ አንደኛ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ተዘጋ፣ ከ200 በላይ ሠራተኛ ሥራ አጣ። በአንድ ቀን ዝናብ!

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእጮኛዬ ክለብም በውጤት ነው የሚኖረው። ውጤት ሲጠፋ በላይ ያሉት ሰዎች «ይሄ አትሌቲክስ ምን ይሠራልናል?» ማለት ይጀምራሉ። ውጤት እንዳይመጣ ደግሞ ገንዘብ የለም። ክቡ እንዲህ ይሽከረከራል። አንድ ውድድር ላይ ስድስት ሆነው ሲሰለፉ አራቱ የቡድን ነጥብ ይይዛሉ። አንዱ ታሞ፣ አንዱ ጫማው ተቀዶ ቢቀር የሰባት ልጆች ቀለብ አብሮ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ነገር አልተስማማንም። እሳቸው ሹፌርና ሯጭ አንድ ነው ይላሉ። እኔ አይደለም እላለሁ። የሹፌሩ መኪና ሲበላሽ እሱ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መኪና ይሰጡታል። የኔው ልጅ ሹፌሩም መኪናውም ራሱ ነው። ሲሰበር የሚወርድበት የለውም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ባለፈው የካቲት እጮኛዬ አንድ አገር አቋራጭ ውድድር ላይ ስምንተኛ ወጣ። ከሰባቱ ቀዳሚዎች አምስቱ የሀብታም ክለብ ልጆች ናቸው። በሳምንቱ ከነዚያ ክለቦች የአንዱ ሰው ደወለለት። ደመወዙ አሁን ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ካምፕ አለ፣ ምግብ አለ፣ ሐኪም አለ። የሚፈለገው ከድሮው ክለብ መልቀቂያ ብቻ ነው። ውሉ ግን ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። አራት ወር ደመወዝ ያልከፈለው ክለብ፣ መልቀቂያ ሲጠየቅ «ውል ውል ነው!» አለ። ጉድ በሉ!

ታዲያ ብንከሰስም ብንከስም ምዝገባው ይዘጋል። ልጁ 25 ዓመቱ ነው። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው በ25 ዓመቱ ገና ይጀምራል፤ ሯጭ ግን የ18 ዓመት ልጅ ከኋላው እየተነፈሰበት ነው።

በዚህ መሃል ደግሞ አሰልጣኙ አሉ። እጮኛዬን ከሰሜን ሸዋ ገጠር በትምህርት ቤት ውድድር አይተው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ደመወዛቸው እንደ ልጆቹ አራት ወር ዘግይቷል፣ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ከራሳቸው ኪስ ሙዝ ገዝተው ራጉኤል ጋ ይጠብቋቸዋል። ጃኬታቸውን አውልቀው ለደከመ ልጅ ሲያለብሱ በዓይኔ አይቻለሁ። እጮኛዬ «እሳቸውን ጥዬ እንዴት?» ይላል። እኔም ስለ እሳቸው ክፉ መናገር አልችልም። ቢሆንም አንድ ምሽት ሄጄ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው።

«አሰልጣኝ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና «ይሂድ እንጂ ልጄ። የኔ ሥራ ልጅ አሳድጎ መላክ ነው። ደብዳቤውን እኔም እፈርምበታለሁ» አሉኝ። ፈረሙም። በእሳቸው ፊርማ ደብዳቤው ገባ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ ተከፈለ። መልቀቂያው ግን «እየታየ ነው» ተብሏል። ይህን ስጽፍም እየታየ ነው።

እናቴ «ልጄ፣ እግር ያለው እንጂ ደመወዝ ያለው አላመጣሽም» ብላ አፋጠጠችኝ። ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ ብለን ነበር፤ የሠርጉ ገንዘብ በከፊል የኔ እቁብ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለን ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ የምንጥለው ነው፣ ዕጣው ለኔ የሚደርሰኝ በሚመጣው ወር ነው። እናቴ የምትለው «በዚያ ገንዘብ ድንኳን ይተከልበት፤ ጫማ አይገዛበትም» ነው። ጓደኞቼም እንደዚያው። አንዷማ «አንቺ ስፖንሰር ነሽ ወይስ እጮኛ?» አለችኝ። አመመኝ፣ አልዋሽም።

በዚህ ገጽ ላይ የምጽፈው ምክር ፍለጋ ብቻ አይደለም፣ ያደረግነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እንደ ፊልም አይደለም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን። እስከሚመጣው ዓመት መስከረም የሚገባውንና የሚወጣውን ጻፍን። የውጭ ማናጀር አሯሯጭ አድርጎ ሊወስደው ጠይቆታል፤ በተለምዶ ማናጀር ከመቶ አሥራ አምስቱን ይወስዳል፣ ቀሪው ለሱ ነው። አንድ አሯሯጭነት ቢሳካ የኪራያችንን ስድስት ወር ይሸፍናል። ባይሳካስ? ባይሳካ መስከረም ላይ ጠዋት ሮጦ ከሰዓት ከጋሼ ጋራዥ ይገባል፤ ጋሼ ተስማምተዋል፣ ደስ ያላቸውም ይመስለኛል። እሱ «መሮጥ አቆማለሁ» አላለም፣ እኔም አላልኩትም። ሊለው የፈለገ የመሰለኝ አንድ ጊዜ ነበር፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ዞር አልኩና ሳይለው ቀረ።

ሠርጉን በተመለከተ ድንኳኑ ይቅር ብለናል። ቁስቋም ማርያም ሥርዓቱን ፈጽመን፣ ቤተሰብ ብቻ ጠርተን እናታችን ቤት እንበላለን። የሠርግ ልብሴን ራሴው ከሱቄ መርጫለሁ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እናቴ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር። ትናንት ግን ማንም ሳይጠይቃት የበሶ እሽግ ይዛ መጣችና «ለዚያ ልጅ ስጪው፣ ከስቷል» አለች።

ከእቁቡ ግማሹ ለጫማ ነው፤ ወስኛለሁ። መርካቶ ያየነው አስመስሎ የተሠራ ሆነብን፤ ሳህን የለውም፣ ስናጣጥፈው እንደ ነጠላ ጫማ ታጠፈ። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ሻንጣው ውስጥም ቦታ የማይጠፋ ካላችሁ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጻፉልኝ። ዋጋውን እከፍላለሁ። ቁጥሩ 42 ነው።